የድመት የቀን ቀለብ ስንት ነው?

በየትምህርት ቤቱ የዕቃ ግምጃ ቤት፣ በየማድቤቱና በየጎተራው ሥር ድመት አትታጣም። የምትያዘውም ለአይጥ ነው። መጽሐፉ፣ የፈተናው ወረቀትና የእህሉ ጆንያ ሳይበላ የሚሰነብተው በርሷ ጠባቂነት ነው። ይሁን እንጂ ለዚህ አገልግሎቷ የሚቆረጥላት ቀለብ ምን ያህል እንደሆነ ቢጠየቅ «የተገኘው ይጣልላታል» ከማለት ያለፈ መልስ እምብዛም አይሰማም። የላም መኖና የዶሮ መኖ በኪሎ ሲሰላ፣ የድመት ቀለብ ግን ከገበታ ለሚተርፈው ፍርፋሪ የተተወ ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ ክፍላችን ይህንኑ ጥያቄ ለዕጩ መምህራን ስናቀርብ፣ ስለ ሥጋ በል እንስሳት በሚገባ ያጠኑት እንኳ ቁጥር ለመጥራት ያመነታሉ።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ባዮሎጂንና ሒሳብን በአንድነት የሚጠራ ነው። አንዲት ድመት በቀን ስንት ግራም ሥጋ ያስፈልጋታል? ይህስ ከክብደቷ ጋር እንዴት ይዛመዳል? የኛ ማዕድ ትርፍራፊ ለምን አይበቃትም? መልሱን ማወቅ ለእንስሳዋ ከመራራት ያለፈ ጥቅም አለው። ሥራዋን በደንብ የሠራች ድመት አይጡን ትጨርሳለች፤ አይጡ ሲያልቅ ደግሞ የገዛ ቀለቧ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰጣት እንጀራ በሽሮ ብቻ ከሆነ፣ ግምጃ ቤቱን ያጸዳችው ድመት ቀስ በቀስ ትከሳለች፤ ጤናዋ ይታወካል፤ ወይም ስፍራውን ትታ ትሄዳለች። አይጡም ተመልሶ ይመጣል።

ድመት እንደ ውሻ አይደለችም

እንስሳትን በአመጋገባቸው ሣር በል፣ ሥጋ በልና ሁሉን በል ብለን መክፈል የተለመደ ነው። ውሻ ከሥጋ በሎች ወገን ቢቆጠርም እንጀራና ገንፎ እየተጨመረለት ሊኖር ይችላል። ድመት ግን ሥጋን የምትበላው ወዳ ብቻ ሳይሆን ተገዳም ጭምር ነው። ይህን የሚያስረዱ ሦስት ምክንያቶችን እንመልከት።

የመጀመሪያው የፕሮቲን ጉዳይ ነው። ሰውም ሆነ ውሻ ፕሮቲን ያነሰው ምግብ ሲበላ፣ ጉበቱ ፕሮቲን የሚያቃጥሉትን ኤንዛይሞች ቀነስ አድርጎ ይቆጥባል። የድመት ጉበት ይህን ቁጠባ እምብዛም አያውቅም። ከምግቧ በቂ ካላገኘ ከራሷ ጡንቻ እየወሰደ ማቃጠሉን ይቀጥላል። 3 ኪሎ የምትመዝን አንዲት ድመት በቀን 200 ኪሎካሎሪ ያህል ኃይልና ቢያንስ 13 ግራም ያህል ፕሮቲን ትፈልጋለች እንበል። ያንን ኃይል ከጤፍ ዱቄት እንስጣት ብንል 55 ግራም ገደማ ዱቄት ይበቃል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ፕሮቲን ከ5 እስከ 7 ግራም ብቻ ነው። ከሥጋ ብንሰጣት ግን 26 ግራም ያህል ፕሮቲን ታገኛለች። ሆዷ ሞልቶ ሳለ ሰውነቷ ይራባል ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ታውሪን ከአሚኖ አሲዶች ጋር የሚመደብ ሲሆን በእንስሳት ሥጋ፣ በተለይም በልብና ብዙ በሚሠራ ጡንቻ ውስጥ ይገኛል፤ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ግን የለም ለማለት ይቻላል። ሰው በሰውነቱ ውስጥ ይሠራዋል። ድመት የምትሠራው ግን በጣም ጥቂት ነው፤ በዚያ ላይ በሐሞቷ አማካይነት ዘወትር ይባክንባታል። እ.ኤ.አ. በ1975 ሄይስና ጓደኞቹ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ታውሪን የጎደለው ምግብ የበሉ ድመቶች የዐይናቸው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ማለትም ረቲናቸው፣ እየተበላሸ እንደሚሄድ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ፒዮንና ጓደኞቹ ይኸው ጉድለት የልብ ጡንቻን እንደሚያደክም፣ ታውሪን ሲሰጥም ልቡ ሊያገግም እንደሚችል ገለጹ። የሚያስገርመው እነዚህ የልብ ሕመምተኛ ድመቶች በፋብሪካ የተዘጋጀ የድመት ምግብ ይበሉ የነበሩ መሆናቸው ነው። ከዚያ ወዲህ የድመት ምግብ አምራቾች ታውሪኑን ከፍ አደረጉ። ልብ ሊያገግም ይችላል፤ የጠፋው የረቲና ክፍል ግን አይመለስም።

ሦስተኛው ቪታሚን ኤ ነው። እኛ ካሮትና ጎመን በልተን በውስጡ ያለውን ካሮቲን ወደ ቪታሚን ኤ እንለውጣለን። ድመት ይህን ለውጥ ማካሄድ ስለማትችል ቪታሚኑን የተዘጋጀ ሆኖ ከጉበት፣ ከእንቁላል አስኳልና ከመሳሰሉት ማግኘት አለባት።

ስሌቱ ከአይጥ ይጀምራል

የድመትን ቀለብ ለመስፈር ከሁሉ የሚቀናው መስፈሪያ የተፈጥሮ ምግቧ የሆነችው ትንሿ የቤት አይጥ ናት። አንዲት ያደገች የቤት አይጥ 20 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ወደ 30 ኪሎካሎሪም ትሰጣለች። ከላይ እንደተባለው 3 ኪሎ የምትመዝን ጤነኛ ድመት በቀን 200 ኪሎካሎሪ ያህል ያስፈልጋታል። ስለዚህ 200 ለ30 ሲካፈል 7 አይጥ ያህል ይሆናል። ሰባት አይጥ በ20 ግራም ሲባዛ 140 ግራም ነው። ይህም ከድመቷ ክብደት ከመቶ 5 እጅ ገደማ መሆኑ ነው።

የሥጋ ቤት ቀይ ሥጋም ኃይሉ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በመሆኑም የሚከተለውን መለኪያ መያዝ ይቻላል።

ያደገች ድመት፦ ከክብደቷ ከመቶ 4 እስከ 5። ማለትም 2 ኪሎ ለሆነችው 100 ግራም፣ 3 ኪሎ ለሆነችው 140 ግራም፣ 4 ኪሎ ለሆነችው 170 ግራም ያህል።

ከቤት የማትወጣ፣ የተኮላሸች ወይም ያረጀች ድመት፦ ከመቶ 3 ያህል።

በማደግ ላይ ያለች ግልገል፦ ከመቶ 10 ወይም ከዚያ በላይ፣ በቀን አራት ጊዜ ተከፋፍሎ።

የምታጠባ እናት፦ እንደ ግልገሎቿ ብዛት ከወትሮው ቀለቧ ሁለትና ሦስት እጥፍ።

እነዚህ ቁጥሮች መነሻ እንጂ መድረሻ አይደሉም። ትክክለኛው ዳኛ ሚዛንና እጅ ነው። በየወሩ ድመቷን መመዘን፣ ጎኗንም መዳበስ ይገባል። ጎድኗ ሲዳሰስ የሚታወቅ፣ ሲታይ ግን የማይቆጠር ከሆነ ቀለቧ ተስተካክሏል። ከሩቅ የሚቆጠር ከሆነ ይጨመርላታል፤ ቢዳሰስም የማይገኝ ከሆነ ይቀነስባታል። ድመት ሰባቱን አይጥ በአንድ ጊዜ የምትበላ እንስሳ ስላልሆነች፣ የቀኑ ቀለብ ቢያንስ ለጠዋትና ለማታ ይከፈል።

አንድ የሚያሳስት ነገር እዚህ ላይ መጠቀስ አለበት። ጥሬ ሥጋ ከመቶ 70 እስከ 75 እጁ ውሃ ነው። ሥጋ ቋንጣ ሲሆን ኪሎው ወደ ሩብ ኪሎ ግድም የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። ስለሆነም 140 ግራም ጥሬ ሥጋ ደርቆ ሲታይ 40 ግራም እንኳ ላይሞላ ይችላል። በፋብሪካ የሚዘጋጀው ደረቅ የድመት ምግብ በሚዛን አነስ የሚለውም ለዚሁ ነው፤ የሚጎድለውን ውሃ ድመቷ በመጠጣት ማሟላት አለባት። በበርበሬና በጨው የታሸ ቋንጣ ግን ለድመት አይሰጥም።

ትንሽ እንስሳ ለምን ብዙ ይበላል?

ከመቶ 5 የሚለው መለኪያ ለነብር ይሠራልን? አይሠራም። ቡና በስኒ ሲቀዳ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ በጀበናው የቀረው ግን ይቆያል። ትንሽ ነገር ከይዘቱ ጋር ሲነጻጸር የገላው ስፋት ትልቅ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። በትንሽ እንስሳ ሰውነት ውስጥም በየኪሎው የሚቃጠለው ምግብ ከትልቁ ይበልጣል። ስዊዘርላንድ ተወልዶ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ያስተማረው ማክስ ክላይበር እ.ኤ.አ. በ1932 ባወጣው ጥናት፣ እንስሳት ያለ እንቅስቃሴ ሳሉ የሚያቃጥሉት ኃይል ከክብደታቸው እኩል እንደማያድግ፣ ይልቁንም ከክብደት ሦስት አራተኛ ኃይል ጋር እንደሚሄድ አመለከተ። ምክንያቱ የገላ ስፋት ብቻ አለመሆኑን፣ የክላይበር ቁጥር ራሱ ከገላ ስፋት ስሌት በመጠኑ የሚለይ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ቀላል ነው። 3 ኪሎ ከምትመዝን ድመትና 48 ኪሎ ከሚመዝን ነብር መካከል የክብደቱ ልዩነት 16 እጥፍ ነው። ራሱን በራሱ ሲያባዙት 16 የሚሰጠው ቁጥር 4 ነው፤ ራሱን በራሱ ሲያባዙት 4 የሚሰጠው ደግሞ 2 ነው። 4 በ2 ሲባዛ 8 ይሆናል። ስለዚህ ነብሩ በክብደት 16 ድመት ቢያህልም ቀለቡ የ8 ድመት ነው። ይኸውም 1 ኪሎ ከ120 ግራም ያህል፣ ከክብደቱም ከመቶ 2 ብዙም የማይበልጥ ነው።

ወደ ታች ስንወርድ ደግሞ ፌሬት የሚባለውን እንስሳ እናገኛለን። ይህ ሙጭልጭላን የሚመስል፣ ቀጭንና ረጅም ሥጋ በል ነው። አውሮፓውያን ጥንቸል ከጉድጓድ ለማስወጣት ከ2000 ዓመት በላይ ሲያረቡት ኖረዋል፤ ዛሬም በአውሮፓና በአሜሪካ በቤት የሚያሳድጉት ብዙዎች ናቸው። 1 ኪሎ የሚመዝን ፌሬት በቀን ወደ 100 ግራም ጥሬ ሥጋ ይሰጠዋል፤ ይህም ከክብደቱ ከመቶ 10 ነው። በክላይበር ስሌት ብቻ ቢሆን ከድመቷ 140 ግራም ተነሥተን ለፌሬቱ 60 ግራም ገደማ በበቃው ነበር። ታዲያ ትርፉ ምንድን ነው? አንጀቱ አጭር ስለሆነ ምግቡ ከሦስትና ከአራት ሰዓት በኋላ ይወጣል። በድመት ሆድ ግን አንድ ቀን ገደማ ይቆያል። ፌሬት ከበላው ሁሉ መጥምጦ የሚወስድበት ጊዜ ስለሌለው ደጋግሞ መብላት ግድ ይሆንበታል። ከዚህ የምንማረው፣ ክብደት ብቻውን ቀለብ እንደማይቆርጥና የአንጀቱም አሠራር መታወቅ እንዳለበት ነው።

ሥጋ ብቻውንም አይበቃም

«ድመት ሥጋ በል ናት» ሲባል ሰምቶ ቀይ ሥጋ ብቻ የሚሰጣትም ይሳሳታል። ድመት አይጥን የምትበላው ከነአጥንቷ፣ ከነጉበቷና ከነልቧ ነው። ቀይ ሥጋ ፎስፎረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ሥጋ ብቻ ሲቀለብ የሚያድግ ግልገል ሰውነቱ ካልሲየሙን ከአጥንቱ ስለሚስብ አጥንቱ ሳስቶ በትንሽ ዝላይ ሊሰበር ይችላል። መፍትሔው ርካሽ ነው። ለአንድ ኪሎ ሥጋ የአንድ እንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ ደርቆና እንደ ዱቄት ልሞ ቢጨመር 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይሰጣል። የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ የዶሮ አጥንት ግን እየተሰነጠረ ጉሮሮና አንጀት ስለሚወጋ ፈጽሞ አይሰጥም።

ጉበት ያስፈልጋታል፤ ሲበዛ ግን ይጎዳታል። ዘወትር ጉበት ብቻ የምትበላ ድመት ቪታሚን ኤ ስለሚከማችባት የአንገቷ አጥንት እየተጣበቀ ይደርቃል። በኪሎ 50 ግራም ጉበት ይበቃል። የቀረው ልብ፣ ጣፊያ፣ ጨጓራና ከሥጋ ቤት የሚጣለው ቁርጥራጭ ቢሆን ምንም አይደለም። ድመት ሽንጥና ታላቅ አታማርጥም፤ እንዲያውም በታውሪን በኩል ልብ ከሽንጥ ይበልጣል። 3 ኪሎ ለሆነች ድመት የወሩ ቀለብ 4 ኪሎ ከ200 ግራም ነው። ግማሹን ራሷ አድና የምታገኝ ከሆነ ወደ 2 ኪሎ ይወርዳል። ይህ ከአንድ የተበላ የመጽሐፍ ሣጥን ዋጋ ጋር ሊነጻጸር ይገባዋል።

በጾም ወራት ሥጋ ወደ ቤት በማይገባበት ጊዜ ድመቷ የምታገኘው እንጀራና ሽሮ ብቻ ይሆናል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እርሷ ግን ጾም የለባትም። በዚህ ጊዜ ለርሷ ብቻ ተብሎ የሚቀቀል እንቁላልና ትንንሽ ዓሣ ሊያግዛት ይችላል። በኬንያ ኦሜና፣ በታንዛኒያ ዳጋ የሚባለውን የደረቀ ትንሽ ዓሣ ብዙ ቤቶች ለድመታቸው ይሰጣሉ።

ከሁሉ በላይ ልንጠነቀቅ የሚገባው ከወጥ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጥሬም ሆነ የበሰለ የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል። በኪሎ ክብደቷ 5 ግራም ሽንኩርት እንኳ ሊጎዳት ይችላል። ለ3 ኪሎ ድመት ይህ 15 ግራም፣ ማለትም የአንድ ትንሽ ሽንኩርት ቁራጭ ነው። በሽንኩርት ብዛት የሚጣፍጠው ወጣችን በእንጀራ ተነክሮ ሲጣልላት ደግነት ቢመስልም፣ እየተደጋገመ ሲሄድ የደም ማነስ ያስከትላል። ወተትም ቢሆን ለአብዛኞቹ ያደጉ ድመቶች ሆድ አይስማማም፤ ከውሃ የተሻለ መጠጥ የላቸውም።

ጥሬ ወይስ የበሰለ?

ጥሬ ሥጋ ለድመት ተፈጥሯዊ ምግቧ ነው። ለሚያሳድጓት ሰዎች ግን ያለ አደጋ አይደለም። በጥሬ ሥጋና በአይጥ ውስጥ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ሕዋስ ሊኖር ይችላል። ድመቷ ስትበላው በዐይነ ምድሯ ታስወጣዋለች። ነፍሰ ጡር ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች ጽንሱን ሊጎዳው ይችላል። ከዐይነ ምድሩ ጋር የሚወጣው ዘር ሰውን ለመያዝ የሚደርሰው ከአንድ እስከ አምስት ቀን ቆይቶ ስለሆነ፣ በየቀኑ መጥረግና መቅበር አደጋውን እጅግ ይቀንሳል። ይህንንም ነፍሰ ጡሯ ሳትሆን ሌላ ሰው ቢሠራው ይሻላል። ሥጋውን የነካ እጅና ቢላዋ በሳሙና መታጠብ አለበት። በልቶ የተረፈውም ሥጋ ሳይውል ይነሣ።

ነፍሰ ጡርና ሕፃናት ባሉበት ቤት ሥጋውን ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት መቀቀል የተሻለ ነው። ታውሪን በውሃ ስለሚሟሟ ከሥጋው ወጥቶ ወደ መረቁ ይገባል፤ ስለዚህ መረቁ አይደፋ፣ አብሮ ይሰጣት።

የጠገበች ድመት አይጥ አትይዝምን?

ቀለብ ለመንፈግ የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት «ከጠገበች ትሰንፋለች» የሚል ነው። ሐሳቡ እውነት ይመስላል፤ ጥናት ግን አይደግፈውም። እንግሊዛዊው የሥነ ምኅዳር ሊቅ ቻርልስ ኤልተን እ.ኤ.አ. በ1953 በእርሻ ቤቶች ላይ ያደረገውን ጥናት ሲያወጣ፣ ድመቶች አስቀድሞ ከአይጥ የጸዳን ግቢ ሊጠብቁ እንደሚችሉ፣ ነገር ግን ከስፍራው እንዳይርቁ ወተትና ተጨማሪ ምግብ ሊሰጣቸው እንደሚገባ አመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ1976 አዳሜክ የተባለ ተመራማሪ ደግሞ በመብላት ላይ ያሉ ድመቶች አይጥ ሲለቀቅላቸው ምግባቸውን ትተው አይጧን እንደሚገድሉ፣ ከዚያም ወደ ምግባቸው እንደሚመለሱ አሳየ። የማደን ፍላጎትና ረሃብ በድመት ዘንድ አንድ አይደሉም። «ድመት መንኵሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለው አባባላችንም ይህንኑ ይመሰክራል።

የተራበች ድመት እንዲያውም ምግብ ፍለጋ ወደ ጎረቤት ትሻገራለች፤ በመርዝ የሞተ አይጥ አንሥታ የመብላት ዕድሏም ከፍ ይላል። ስለዚህ ድመት ባለችበት ግቢ የአይጥ መርዝ መበተን ጠባቂን ከሌባው ጋር አብሮ መግደል ነው።

ለክፍል ሥራ

ይህ ርዕስ ያለ ብዙ ወጪ በክፍል ሊሠራ ይችላል። ተማሪዎች በየቤታቸው ያለችውን ድመት በዘንቢል አድርገው በሚንጠለጠል ሚዛን ይመዝኑ፤ የዘንቢሉንም ክብደት ይቀንሱ። የቀን ቀለቧን ከመቶ 5 ሒሳብ ያስሉ። ከዚያም ለአንድ ሳምንት በእርግጥ የተሰጣትን ምግብ በዓይነትና በግራም መዝግበው ከስሌቱ ጋር ያነጻጽሩ። የበላይ ክፍል ተማሪዎች የ16ቱን እጥፍ ምሳሌ ተከትለው 81 እጥፍ ለሚከብድ እንስሳ ቀለቡን ሊፈልጉ ይችላሉ፤ መልሱ 27 እጥፍ ነው። ውጤቱን በግድግዳ ጋዜጣ ላይ ማውጣት ለሌሎችም ትምህርት ይሆናል።

በዚህ ሥራ ተማሪው የሚያገኘው ቁጥር ብቻ አይደለም። ሆድ መሙላትና ሰውነትን መመገብ ሁለት ነገር መሆናቸውን ይረዳል። ይህን በድመት የተረዳ ተማሪ ነገ ለዶሮው፣ ለጥጃው፣ ከሁሉም በላይ ለታናሽ ወንድሙና ለታናሽ እኅቱ ገበታ ሲያስብ «ጠገበ ወይ?» ብሎ ብቻ አይመለስም፤ «ምን በልቶ ጠገበ?» ብሎም ይጠይቃል።